ድሬዳዋ ላይ ያለ አፈር ሰላጣ ለማብቀል፦ ከማዳበሪያው በፊት ውሃው

ሰላጣ ወይም በሶብላ ያለ አፈር፣ በባልዲ ውሃ ማብቀል የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ማዳበሪያው ነው። ድሬ ላይ ግን ጣጣው ያለው ውሃው ላይ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩት። ግድግዳው ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። የከተማችን ውሃ ከጉድጓድ ይወጣል፤ አካባቢው የኖራ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ተሸክሞ ቤታችን ይገባል።

ባይካርቦኔቱ ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ወደ ላይ ይገፋዋል። በውሃ ለሚያድግ ተክል የሚስማማው ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ከ7 ሲያልፍ አይረን (የብረት ማዕድን) ውሃው ውስጥ እያለ እንኳ ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል። የእኔ የመጀመሪያ ሰላጣዎች አዲሱ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ። «ርቧቸው ነው» ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩላቸው፤ በሳምንቱ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ። ምግብ አልጎደላቸውም ነበር፣ መብላት ነው ያቃታቸው።

መጀመሪያ ውሃችሁን ፈትኑ። አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ ንጹህ መጥበሻ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ እሳት እስኪደርቅ አትኑት። የቀረው ነጭ ዱቄት ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ ከተንተከተከ ኖራ ነው። የዝናብ ውሃ በዚያው መጥበሻ ብታተኑ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። የቲዲኤስ መለኪያ (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን መጠን በፒፒኤም የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ሰው ደግሞ ቁጥሩን ያንብብ፦ ማዳበሪያ ሳይገባበት ከ200 ፒፒኤም በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ400 በላይ ከሆነ ለጀማሪ ያስቸግራል።

ቀጥሎ ቀላቅሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው መላ የዝናብ ውሃና የቧንቧ ውሃ እኩል በእኩል ማድረግ ነው። የዝናብ ውሃ ብቻውን ባዶ ነው፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም የለውም፤ የቧንቧው ደግሞ ከመጠን በላይ አለው፤ አንዱ የሌላውን ይሸፍናል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የምታጠራቅሙ ከሆነ ዝናቡ ሲጀምር የሚወርደውን አትያዙ፤ አቧራና የወፍ ኩስ ያጠበ ነውና ለአሥር ደቂቃ ያህል ይፍሰስ። በርሜሉንና ጀሪካኑን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። ድሬ በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ (ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር) ገብቶባታል፤ አስተላላፊዋ ትንኝ ደግሞ የምትፈለፈለው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው።

ዝናብ ከሌለ አፍሉት። ሲፈላ ኖራው ይወርዳል፤ ቀዝቅዞ ሲጠራ ከላይ ከላይ ትቀዳላችሁ። ለ20 ሊትር ባልዲ ግን ከሰልም ሆነ መብራት አያዋጣም፣ ለችግኝ ብቻ ነው። የታሸገ ውሃም ኪስ ይጎዳል። በጨው የሚሠራ የውሃ ማለስለሻ ያለበት ቤት ከሆነ ያንን ውሃ ተዉት፤ ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካዋል፣ ተክሉ ደግሞ ሶዲየም አይወድም።

ክሎሪን ብዙ አያስጨንቅ። ክዳን በሌለው ባልዲ ለ24 ሰዓት ካሳደራችሁት አብዛኛው ተኖ ይሄዳል።

ፒኤች የሚስተካከለው በመጨረሻ ነው። ማዳበሪያው ራሱ ፒኤቹን ትንሽ ስለሚያወርደው መጀመሪያ እሱን በጥብጡ፣ ከዚያ ለኩ። ለማውረድ ለተክል የሚሸጥ የፎስፈሪክ አሲድ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ካላገኛችሁ ሎሚ ወይም አቼቶ በጠብታ እየጨመራችሁ አማስሉ፤ ግን በቀናት ውስጥ ይመለሳል፣ ከበዛም ውሃው ዝልግልግ ያወጣል። የባትሪ አሲድ ግን ቤት ውስጥ ለዚህ አታስገቡ! ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ ኖራ ያለበት ውሃ ተንኮለኛ ነው፣ የወረደውን ፒኤች መልሶ ያነሳዋል።

ሙቀቱን ደግሞ አትርሱ። ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ከሰዓት የሚመጣ ውሃ እጅ ያቃጥላል። ሥሩ የሚወደው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ሥሩም ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ቅዱ፣ ባልዲውን ብርሃን በማያስገባ ነገር ሸፍናችሁ ላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ ጠቅልሉበት። የዓሣ ገንዳ አየር መንፊያ ፓምፕ ካገኛችሁ አትለፉት።

በግንቦት ባልዲው ቶሎ ይጎድላል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ኖራው እዚያው ይቀራል። መሙያው ስለዚህ የዝናብ ወይም ፈልቶ የጠራ ውሃ ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት፣ የሚደፋውን ደግሞ ለግቢው ፓፓያ ስጡት።