ቤትዎን ራስዎ ሲቀቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በትንሽ ወጪ የቤት መልክ ለመለወጥ ቀለምን የሚያህል የለም። ነገር ግን በሦስት ወሩ የሚላጥ ግድግዳ ብዙ ነው። ሰው ቀለሙን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት የተሠራ ነው።

እርጥብ ግድግዳ ላይ መቀባት። ብዙ ቤት የሚቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው፤ ማለትም በነሐሴና በጳጉሜን፣ ግድግዳው የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ባለበት ሰዓት። ውስጡ የቀረው እርጥበት መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል፣ ፊኛ ያወጣል፣ ከዚያ ይላጣል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ይለጥፉና እስከ ማግስቱ ይተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። ፊት ለፊት ከሆነ ግን የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃዋል።

ውሃው ከግድግዳው ከመጣ ምንጩን ሳይዘጉ ቀለም አይግዙ። የተቀደደ አሸንዳ፣ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ አፈር፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ናቸው። ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ካዩ በደረቅ ብሩሽ ያራግፉት እንጂ አይጠቡት፤ ውሃ ሲያገኝ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። አዲስ የሲሚንቶ ልስንም ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቅ፤ ቀድሞ ከተቀባ ሲሚንቶው ቀለሙን አቃጥሎ ያዥጎረጉረዋል።

ሻጋታን በቀለም መሸፈን። ሻጋታ ከቀለም ሥር አይሞትም፤ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠው በስፖንጅ ይቀቡትና 15 ደቂቃ ቆይተው በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቼም እንዳይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ቁም ሣጥኑንም ከውጭው ግድግዳ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያርቁት፤ ሻጋታ አየር የማያገኘውን ጀርባ ይወዳል።

ሳያጥቡና ሳይፈትጉ መጀመር። የወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የወጥ እንፋሎትና የዘይት ጭስ ዓመቱን ሙሉ ሲለጠፍ ኖሯል። በለብ ያለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ይታጠብ፣ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። ሌላው ቤት ደግሞ በእጅ መዳፍ ይፈተሽ፦ መዳፍዎ ነጭ ከሆነ ግድግዳው አሮጌ ኖራ ለብሷል፤ የሚቀቡት ቀለም የሚይዘው ያንን ዱቄት እንጂ ግድግዳውን አይደለም። የሚነሳው ሁሉ በስፓቱላና በጠንካራ ብሩሽ ይነሳ።

እስከ ወገብ በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ የውሃ ቀለም በቀጥታ ከደረቡ ደግሞ እንደ ላስቲክ ተገሽልጦ ይወርዳል። ማብረቅረቁ እስኪጠፋ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አለበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ (መርዛማውን ብረት) በ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ የገደበው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና የብረት መስኮት እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ደረቁን ከመፈተግ በውሃ እያራሱ ይፈትጉ፣ ልጆችን ያርቁ፣ ወለሉን አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት።

ስቱኮን በአንዴ መጠቅጠቅ። ወፍራም ስቱኮ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ገና ስለሆነ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በስፓቱላ ጥግ ትንሽ ከፈት ያድርጉት፣ አቧራውን ያራግፉ፣ ውሃ ነካ ያድርጉት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ይሙሉ። ሲደርቅ ይደግሙታል። በ180 ቁጥር ከፈተጉ በኋላ አምፖል ከግድግዳው አጠገብ በጎን ያብሩ፤ ፊት ለፊት የማይታየው ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። የተሞላውን ቦታ በቀጠነ ቀለም አንዴ ነካ ማድረግ አይርሱ፤ ስቱኮ ቀለም ስለሚመጥ ካልተነካ እንደ ጠቃጠቆ ይታያል።

ቀለሙን ለማብዛት ውሃ መጨመር። ይህ ቁጠባ የሚመስል ኪሳራ ነው። ውሃ ሲበዛ ቀለሙን ከግድግዳው የሚያጣብቀው ነገር ይሳሳል፤ ሲደርቅ በጨርቅ ሲነካ ይለቃል፣ ሁለት ጊዜ ሊቀባ የሚገባው ግድግዳም አራት ጊዜ ይጠይቃል። አምራቹ ሌላ ካልጻፈ በቀር ለመጀመሪያው ዙር 10 በመቶ ውሃ፣ ለሁለተኛው ከዚያ ያነሰ ይበቃል።

ይልቅ አስቀድመው ያስሉ። 4 በ3 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ 14 በ2.6 ሲባዛ 36.4 ካሬ ሜትር፣ በርና መስኮት ሲቀነስ 33 ገደማ። ሁለት ዙር 66 ይሆናል። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን 6.6 ሊትር ያስፈልጋል፤ ሸካራ ልስን ከሆነ ደግሞ ይጨምራል። ሁሉንም በአንድ ቀን ይግዙና በትልቅ ባልዲ አንድ ላይ ይቀላቅሉት። ተበጥብጦ የተሠራ ቀለም ሁለተኛ ቀን ሲሠራ ትንሽ ይለያል፤ ልዩነቱም የሚገለጠው ግድግዳው መሃል ላይ ነው።

በሮለሩ መመላለስ። ቅደም ተከተሉ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ በር ነው። ጥጉን በብሩሽ ሲጨርሱ ሳይደርቅ በሮለር ይቀጥሉ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ። ግማሽ የደረቀውን ለማስተካከል ከተመለሱበት ጠባሳው አይጠፋም፤ ይተዉትና ሁለተኛው ዙር ይሸፍነው። በዙሮቹ መሃል ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በክረምት ከዚያም በላይ ይጠብቁ። ጠርዝ ለመከለል የለጠፉትን ፕላስተር ግን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ያንሱት፤ ከደረቀ በኋላ ሲነሳ ጠርዙን ይዞት ይመጣል።

ቀለሙን ሱቅ ውስጥ መምረጥ። የሱቅ አምፖል የቤትዎን ብርሃን አያውቅም። በትንሹ ገዝተው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይቀቡና ጠዋትም ማታም ይዩት። ጎርበጥ ላለ ግድግዳ የሚያብረቀርቅ ቀለም አይምረጡ፤ ጉድለቱን ሁሉ ይናገርበታል።

የተረፈውን ቀለም ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጠርሙስ ያስቀምጡት፤ የቀለሙን ቁጥርና የተቀባውን ክፍል ክዳኑ ላይ ይጻፉ። ሶፋው ግድግዳውን ሲፍቀው ያን ጊዜ ይፈለጋል።