ለጠላት ምርኮኛ ስለሚሟገት ሰው ትያትር ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አቃቂ ውስጥ ተሰባስበው ትያትር የሚለማመዱ ወጣቶች ባለፈው ክረምት አንድ ረቂቅ አስነበቡኝ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን የተማረከ አንድ መኮንን ችሎት ይቀርባል፤ ከተማው ሁሉ ሞቱን በሚመኝበት ሰዓት አንድ ኢትዮጵያዊ ነገረ ፈጅ እንዲሟገትለት ይታዘዛል። ታሪኩ ፈጠራ ቢሆንም ጭብጡ ብርቱ ነው፤ ያበላሹት ስህተቶች ግን በሌሎች ጸሐፊዎችም ዘንድ የሚታዩ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ምርኮኛውን ፍጹም ንጹሕ ማድረግ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት እውነተኛው ገዳይ ከተገኘ ተመልካቹ እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የተጠላን ሰው መከላከል ምን ያህል እንደሚከብድ ሳያይ ይቀራል። ሰውየው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ሕዝብ በተጨፈጨፈባቸው ቀናት አዲስ አበባ የነበረ፣ ያየውንም የሚደብቅ ይሁን፤ የተከሰሰበትን ግድያ መፈጸሙ ግን አከራካሪ ሆኖ ይቆይ።

ክሱም ቢሆን «ወራሪ ነው» በሚል ብቻ አይቆምም፤ ወታደር በመዋጋቱ ብቻ አይቀጣም። የታሰረ ሰው መግደል ወይም ቤት ከነሰዉ ማቃጠል የመሰለ፣ ቀንና ቦታ ያለው ድርጊት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስህተት የዘመን አቆጣጠር ነው፤ እኔንም ለጥቂት ጊዜ አሳስቶኝ ነበር። በረቂቁ ውስጥ ነገረ ፈጁ ዛሬ የምናውቀውን የጄኔቫ የጦር ምርኮኞች ስምምነት ይጠቅሳል። ስምምነቱ የተፈረመው ነሐሴ 1941 ዓ.ም. ሲሆን ጣሊያን ድል የሆነው ደግሞ በፈረንጆች 1941 ስለሆነ ጸሐፊው ሁለቱን ቁጥሮች አንድ አድርጎ ስምንት ዓመት ዘሏል። በችሎቱ ዘመን የነበረው በሐምሌ 1921 ዓ.ም. የወጣው ስምምነት ነው፤ እርሱም ተከላካይና አስተርጓሚ ይፈቅዳል። የሞት ፍርድ ከመፈጸሙ በፊት ግን የሚያዘው የሦስት ወር ቆይታ ነው፤ ስድስት ወር የሆነው በኋለኛው ነው። የፍርዱን ትዕይንት በዚህ ቆይታ ላይ ለሚመሠርት ጸሐፊ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ነገረ ፈጁን ሰባኪ ማድረግም ሊቀር ይገባል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ማሳሰባቸው ለእርሱ ጥሩ ስንቅ ነው፤ በመጀመሪያው ትዕይንት ከጨረሰው ግን ለኋላ ምን ይተርፈዋል? ደግሞም ከሳሹ «ቃሉ በቀልን እንጂ ፍርድን አልከለከለም» ብሎ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ከሳሽ በረቂቁ ውስጥ አለመኖሩ አሳዝኖኛል።

ዳኛው በየደቂቃው በመዶሻ ጠረጴዛ መደብደቡን ለአሜሪካ ፊልሞች እንተውላቸው።

በመጨረሻም መኮንኑ አማርኛን እንደ ተጉለት ሰው አቀላጥፎ ይናገራል፤ በዚህም ጸሐፊው ከሁሉ የበለጠውን ሰው፣ አስተርጓሚውን፣ ከመድረክ አውጥቶታል። አስተርጓሚው ወንድሙን በዚያው የካቲት ያጣ ቢሆንና መኮንኑ «ታዝዤ ነው» ያለውን በአንዲት ፊደል ለውጦ «አዝዤ ነው» ቢለው፣ ስህተት ይሁን በቀል ከዳኞቹ የሚያውቅ የለም። ነገረ ፈጁ ጣሊያንኛ ያውቅ እንደሆነ ረቂቁ እስካሁን አልነገረንም።