ወረቀቴ ተመልሶ እንዴት እንዳለፈ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴራሚክ ነው የማነጥፈው። ከ2025 ወዲህ ያለ ሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ የሚሠራው ዕቃውም ጉልበቱም ተደምሮ ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ ብቻ ነው፤ ያውም ሥራው ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) ካልጠየቀና ረዳት ካልቀጠርክ። በዚህ ዋጋ ምን መታጠቢያ ቤት ያልቃል?

የሴራሚክ ፈቃዱን፣ ሲ-54 የሚሉትን፣ ስጠይቅ ማመልከቻዬ ተመለሰ። ጥፋቱ የኔው ነው። የ4 ዓመት ልምድ ማስረጃው ላይ "ኮንስትራክሽን" ብዬ ጽፌ አረፍኩት፣ የፈረመልኝም ስሠራ አይቶኝ የማያውቅ ዘመዴ ነው። የድሮ አለቃዬ ደግሞ ስልክ አያነሳም።

ለካ አብሮኝ የሠራ ባለሙያም መፈረም ይችላል! ጓደኛዬን ቡና ጋብዤ ወለል ማስተካከሉን፣ ሴራሚክ መቁረጡን፣ ግራውት (የሴራሚክ መጋጠሚያ መሙያ) መሙላቱን ከነወሩ ዘርዝረን ሞላነው። አለፈ። ልምዱ ግን ካለፉት 10 ዓመታት መሆን አለበት። ለፈቃዱ የሚጠየቀው የ25,000 ዶላር ቦንድም (የዋስትና ሰነድ) አያስደንግጣችሁ፣ የምትከፍሉት የዋስትናውን ዓመታዊ ክፍያ ነው እንጂ ሙሉውን አይደለም።