ለዋሽንግተን አካባቢ አዲስ መጪዎች፦ የማይል ሂሳብና የውሻ ፈቃድ

ዲሲ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ኡበር ወይም ሊፍት ለመንዳት ካሰባችሁ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የመኪናችሁን ማይል ቆጣሪ ፎቶ አንሱት። በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 እና ዲሴምበር 31 ቀንም ድገሙት።

የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ በግል መኪና ለሥራ ለተነዳ ማይል የሚታሰበውን መጠን በየዓመቱ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጠኑ 67 ሳንቲም ነበር፤ በ2025 ወደ 70 ከፍ ብሏል። በ2025 ለሥራ 30,000 ማይል የነዳ ሹፌር ከገቢው 21,000 ዶላር ይቀንሳል። ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም፤ የሚያንሰው ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው። 15.3 በመቶ የሆነው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ክፍያም አብሮ ይቀንሳል።

በማይል ካሰባችሁ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ላዩ ላይ አይጨመርም፤ ሁሉም እዚያው የማይሉ መጠን ውስጥ ተቆጥሯል። ለሥራ የከፈላችሁት ፓርኪንግና ቶል (የመንገድ ክፍያ) ግን ለብቻው ይያዛል። መኪናው የራሳችሁ ከሆነ ማይሉን መምረጥ ያለባችሁ ለሥራ በዋለበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ያን ዓመት የመኪናውን ወጪ በደረሰኝ ካሰባችሁ ለዚያ መኪና ወደ ማይል መመለስ አይቻልም።

በየቀኑ ቀኑን፣ የሄዳችሁበትን ቦታ፣ ምክንያቱንና ማይሉን መዝግቡ። ተሳፋሪ ለማንሳት ባዶውን የተነዳው መንገድም የሥራ ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ አይደለም። እባካችሁ ታክስ ሠሪው በግምት ክብ ቁጥር እንዲጽፍ አትፍቀዱለት፤ ኦዲት ሲመጣ ማስረጃ የምትጠየቁት ባለ ገቢዎቹ እናንተ ናችሁ።

በደብሊው ቱ (በደመወዝተኛ የታክስ ቅጽ) ተቀጥራችሁ ቤት ለቤት ሕመምተኛ የምትንከባከቡ ከሆነ፣ ከ2018 ጀምሮ ማይል ከፌዴራል ታክስ አይቀነስም። ስለዚህ ቀጣሪያችሁን ጠይቁ። ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ለነዳችሁት በመዝገብ የሚከፈላችሁ፣ አይ አር ኤስ ካወጣው መጠን እስካልበለጠ ድረስ፣ ታክስ የለበትም። ከቤት ወደ መጀመሪያው ታካሚ ያለው መንገድ ግን አይቆጠርም።

ውሻ ካላችሁ ጉዳዩ አጭር ነው። ዲሲ ውስጥ ከ4 ወር በላይ የሆነ ውሻ ሁሉ በየዓመቱ ፈቃድ ይወጣለታል፦ ለተኮላሸ 15 ዶላር፣ ላልተኮላሸ 50። የእብድ ውሻ በሽታና የዲስተምፐር (ሌላ የውሻ በሽታ) ክትባት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ስለ መኮላሸቱም የሐኪም ወረቀት ያዙ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃዱ የሚወጣው በካውንቲው ወይም በከተማው በኩል ነው፤ ክፍያውም እንደየቦታው ይለያያል። ክሊኒኩ አንገቱ ላይ የሚያስርለት የክትባት ምልክት ፈቃድ አይደለም። ከዲሲ ወደ ቨርጂኒያ ስትዛወሩም የዲሲው አያገለግልም፤ አዲስ ማውጣት ግድ ነው።