የተቃጠለ ዘይት የጠጣ አፈር እንዴት ይታከማል?

ጋራዥ የነበረበትን ግቢ የተረከበ ሰው ያውቀዋል። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ይሸታል። ዝናብ ሲጥል ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይንሳፈፋል፣ ሣር እንኳ አይበቅልበትም። ብዙዎች ገረጋንቲ አስደፍተው ይሸፍኑታል። ዘይቱ ግን ከስር እንዳለ ነው።

የተሻለ መንገድ አለ። ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች እዚያው አፈር ውስጥ አሉ፣ ከየትም አይገዙም። የጎደላቸው አየር፣ እርጥበትና ናይትሮጂን ነው። የእኛ ሥራ እሱን ማሟላት ብቻ ነው።

ጊዜው ከመስቀል በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ከተጀመረ ጎርፉ ዘይቱን ይዞት ጎረቤት ይገባል።

መጀመሪያ ላዩ ላይ የተኛውን ዘይት በሰጋቱራ አስመጥጣችሁ ለብቻው አንሱ። አታቃጥሉት፣ ጭሱ መርዝ ነው። ከዚያ ጓንትና ቦቲ አድርጋችሁ በዶማ ቆፍሩ። ጥቁረቱና ሽታው የት ላይ እንደሚያበቃ እዩ። በጣም ጠልቆ ከሄደ ወይም አጠገቡ የውሃ ጉድጓድ ካለ በራሳችሁ አትግቡበት፣ ባለሙያ ጥሩ።

የቆፈራችሁትን አፈር ወፍራም ላስቲክ ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ዘርጉት። ዳሩን በአፈር ከፍ አድርጉት። ለአራት አካፋ አፈር አንድ አካፋ የበሰለ የከብት ፍግ ጨምሩ። ፍግ የሚያስፈልገው ዘይት አብዛኛው ካርቦን ስለሆነ ነው፤ ባክቴሪያው 100 እጅ ካርቦን ሲበላ 10 እጅ ገደማ ናይትሮጂንና 1 እጅ ፎስፈረስ ይፈልጋል። የዶሮ ኩስ በናይትሮጂን ስለሚበልጥ ግማሹ ይበቃል። የጤፍ ጭድም ጣል አድርጉበት፣ አፈሩን አየር ያስገባዋል።

እርጥበቱን በእጅ ለኩ። እፍኝ አፈር ጨምቁ። ቅርጹን ይዞ ከቆመና ውሃ ካላንጠባጠበ ልክ ነው። ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉ፣ ካንጠባጠበ ተዉት ይድረቅ። በየሳምንቱ ገልብጡት። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፣ ነገር ግን ባክቴሪያው አየር ካጣ ሥራው ይጓተታል። ወራት ይፈጃል፣ ታገሡ።

መሻሉን በፌጦ ፈትኑ። አንድ ጣሳ ከታከመው አፈር፣ አንድ ጣሳ ንጹሕ አፈር ሙሉና እኩል ፍሬ ዝሩባቸው። ፌጦ በቶሎ ይበቅላል፣ መርዝም አይችልም። ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱን አስተያዩ። የታከመው ላይ ጥቂት ብቻ ከበቀለ ወይም ሥሩ አጥሮ ከቀረ መገልበጡን ቀጥሉ። የፈተናውን ፌጦ አትብሉት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገራችሁ። ባክቴሪያ ዘይት ይበላል፣ እርሳስን አይበላም። በተቃጠለ ዘይት ውስጥ የብረት ዓይነቶች አሉ፣ የባትሪ ሥራ በነበረበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፌጦው ቢያምርም አፈሩ በላቦራቶሪ ሳይመረመር ጎመን እንዳትተክሉበት። ለልጆቻችሁ ስትሉ!

ግቢው ተዳፋት ከሆነ ክረምቱ ሲገባ ከታች በኩል ቬቲቨር ትከሉ። ይህ ሣር በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ጅማ ወደሚገኘው የቡና ምርምር ማዕከል የገባ ነው። በኋላ ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በኢሉባቦር ገበሬ ዘንድ አስፋፍቶታል። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይሄዳል፣ ከ3 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለዚህ ነው ቁልቁለትን አንቆ የሚይዘው። ለተከላ የሚሰጠው ዓይነት በዘር ስለማይራባ ማሳ ወርሮ አያስቸግርም።

ጉቶውን ገነጣጥሉ። ቅጠሉን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሥሩን ወደ 10 ቁረጡት። ከዚያ ተዳፋቱን አቋርጣችሁ በአንድ መስመር፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ትከሉ። የሞተውን ቶሎ ተኩ፣ በክፍተቱ ጎርፍ ይገባል። ሲያድግ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ እጨዱት። ከተበከለ አፈር የታጨደውን ግን ለከብት አትስጡ።