የዜና ወኪልን ዘገባ ተቀብሎ ለማሰራጨት

በ1846 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ጋዜጦች የዜና መሰብሰቢያ ወጪን ለመጋራት የመሠረቱት አሶሺዬትድ ፕሬስ ዛሬም አንድን ዘገባ ለብዙ ጋዜጦችና ጣቢያዎች ያደርሳል። የእንዲህ ዓይነት ወኪልን ዘገባ ለመጠቀም የሚፈልግ አዘጋጅ በቅድሚያ ውሉን ማንበብ ይኖርበታል፤ የጽሑፉ ፈቃድ በራሱ የፎቶግራፉን ወይም የቪዲዮውን መብት ስለማያስገኝ፣ ለኅትመት፣ ለራዲዮና ለድረ ገጽ የተፈቀደው ለየብቻ መረጋገጥ አለበት።

ዘገባው ከተወሰነ ሰዓት በፊት እንዳይወጣ ገደብ ከተጣለበት ገደቡ ይከበር፤ ሰዓቱም በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደተጻፈ ይጣራ።

ቦታ ሲያጥር፣ የወኪል ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን ጉዳይ ከላይ አስቀምጦ ስለሚጻፍ፣ ከመጨረሻው አንቀጽ ጀምሮ መቀነስ ይቻላል። ሆኖም ምንጩን የሚጠቅሰው ዓረፍተ ነገር ከተቆረጠ የተናጋሪው ክስ የጋዜጣው የራሱ ክስ መስሎ ይነበባል፤ በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ጉድለት ይህ ነው። የወኪሉ ስም በጋዜጣ ከዘገባው ጋር ይታተም፣ በራዲዮም በንባቡ ውስጥ ይጠቀስ።

ወኪሉ እርማት ወይም የስረዛ ማስታወቂያ ሲልክ ዘገባው በወጣበት ቦታ ሁሉ ሳይዘገይ መታረም ስላለበት፣ እያንዳንዱ ዘገባ የትና መቼ እንደወጣ የሚያሳይ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይያዝ።