የህንድ ሴቶች ለአጥንታቸው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እንዴት ያሟላሉ?

የህንድ የሥነ ምግብ መመሪያ ለአዋቂ ሴት በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሲየም፣ ላረጠች ሴት ደግሞ 1200 ያዝዛል። በሩዝ፣ በስንዴ ቂጣና በሻይ ብቻ እዚህ አይደረስም። ኪኒን ከመገዛቱ በፊት ግን የሚበላው ይቆጠር።

250 ሚሊ ሊትር ወተት ወይም ያንኑ ያህል እርጎ 300 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ ግማሹ ታልፏል። ወተት ሆድ የሚነፋት እርጎውን ትያዝ። ቀጥሎ ራጊ አለ፤ እኛ ዳጉሳ የምንለው ነው። ከእህል ሁሉ በካልሲየም የሚስተካከለው የለም፤ 50 ግራም ዱቄቱ 170 ሚሊግራም አካባቢ አለው። በውስጡ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ግን ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዝ፣ እህሉ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ብቅል ይብቀልና ደርቆ ይፈጭ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልተፈተገ ሰሊጥ ወደ 90 ሚሊግራም ይጨምራል። ስፒናች ከዚህ ሒሳብ ይውጣ፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አያስለቅቅም።

ኪኒኑ የጎደለውን ብቻ ይሙላ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «ካልሲየም ካርቦኔት 1250 ሚሊግራም» የሚል ኪኒን ውስጥ ያለው ንጹሕ ካልሲየም 500 ነው፤ ሒሳቡ በዚህኛው ይሠራ። አንጀት በአንድ ጊዜ ከ500 በላይ በደንብ ስለማይቀበል ሁለት ኪኒን አብሮ መዋጥ ብክነት ነው። ካርቦኔት የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ይወሰድ፤ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለምትወስድ ሴት ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ይሻላል። ህንድ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ብረትም ካልሲየምም ይታዘዝላቸዋል። ሁለቱ በአንድ ላይ ከተዋጡ ካልሲየሙ ብረቱ እንዳይገባ ያግደዋል፤ ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑር። ለታይሮይድ መድኃኒት 4 ሰዓት ያስፈልጋል።

ፀሐይ በሞላበት አገር ቫይታሚን ዲ መጉደሉ አያስገርም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ፣ የሚሸፍን ልብስ፣ የከተማ ጭስና የቤት ውስጥ ሥራ ተደራርበው ነው። ክንድና እግር ገለጥ ብሎ እኩለ ቀን አካባቢ ደጅ ይወጣ፤ በመስታወት የሚያልፍ ፀሐይ አይቆጠርም። አትክልት ብቻ ለምትበላ ሴት ዓሣም እንቁላልም ስለሌለ፣ በቫይታሚን ዲ የበለጸገ ወተት ይመረጥ።

ጉድለቱ በደም ምርመራ ሲረጋገጥ ሐኪም ብዙውን ጊዜ የ60,000 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ዱቄት በትንሽ ከረጢት ወይም ካፕሱል ያዝዛል፤ በሳምንት አንድ፣ ለ8 ሳምንት ያህል። በየቀኑ ከተወሰደ መርዝ ነው። የደም ካልሲየም ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ጥማትና የሽንት መብዛት ይከተላሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የሚወሰድበት ቀን በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ የተቀሩት ለጎረቤት አይሰጡ። የኩላሊት ጠጠር የነበረባት ሴት ሐኪም ሳታማክር ካልሲየምም ሆነ ቫይታሚን ዲ አትጀምር።

ፈጠን ያለ እርምጃና ደረጃ መውጣት ከዚህ ጎን ይቀጥል። በቀላል መውደቅ አጥንቷ የተሰበረ ወይም ከ45 ዓመቷ በፊት ያረጠች ሴት ደግሞ ዴክሳ የሚባለውን የአጥንት ጥግግት ምርመራ ትጠይቅ።